በማራቶን ያለው የኤሊዎች ሆስፒታል

ከማያሚ ከተማ ተነሥቶ፥ በፍሎሪዳ ደቡብ ያሉትን ደሴቶች በድልድይ እየተሻገረ የሚሄድ መንገደኛ፥ በግራም በቀኝም ባሕር እያየ ማራቶን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ይደርሳል። በዚህችም ከተማ ለባሕር ኤሊዎች የቆመ ሆስፒታል ይገኛል።

ይህን ሆስፒታል በ1986 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) የመሠረቱት ሪቺ ሞሬቲ የሚባሉ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው የእንግዶች ማረፊያ ቤት ነበራቸውና ከዚያ የሚገኘውን ገቢ ለታመሙት ኤሊዎች መድኀኒትና ቀለብ አዋሉት። አስቀድሞ እንግዶች ይዋኙበት የነበረውም የጨው ውሃ ገንዳ የኤሊዎች ማደሪያ ሆነ።

የሕሙማኑ ደዌ ልዩ ልዩ ነው። አንዲቱን የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ተጠምጥሞ እግሯን ቈርጧታል፤ ሌላዪቱ መንጠቆ ውጣለች፤ በሌሎቹም ዐይንና አንገት ላይ ዕባጭ በቅሎ ማየት ይከለክላቸዋል። ይህንን ዕባጭ ሐኪሞቹ በሌዘር ቈርጠው ያወጡታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በጀልባ የተመታችው ኤሊ ነገር ነው። ቅርፊቷ በተሰበረ ጊዜ አየር ከውስጥ ይታሰርና ኋላዋ ወደ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ምግቧ የሆነው ሣር ከባሕሩ ወለል ሳለ፥ እርሷ መጥለቅ ተስኗት በላይ ትራባለች፤ ፀሐይም ያቃጥላታል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከቅርፊቷ ላይ ክብደት ይለጥፉላታል፤ በዚህም ሚዛኗን አግኝታ ትጠልቃለች። ዳሩ ግን ቅርፊቱ ሲያድግ የላይኛውን ሽፋን እየጣለ ስለሚሄድ ክብደቱም አብሮ ይወድቃል። በሰፊው ባሕር ውስጥ ደግሞ መልሶ የሚለጥፍላት ሰው የለም።

እንግዲህ ከነጻነትና ከሕይወት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። ሐኪሞቹም ሕይወትን መርጠውላት ዕድሜዋን ሁሉ በገንዳ ትጦራለች፤ የዳኑት ጓደኞቿ ግን ወደ ባሕራቸው ይመለሳሉ።

ለአንዲት ኤሊ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? የሚል ቢኖር፥ አረንጓዴዪቱ የባሕር ኤሊ እንቍላል ለመጣል የምትደርሰው ከ20 ዓመት በላይ ኖራ መሆኑን ያስብ። ይህን ያህል ዘመን የቈየውን ሕይወት አንድ የጀልባ መዘውር በቅጽበት ያጠፋዋል። ጕዳቱ ከሰው እጅ እንደ መጣ ሁሉ ማስታመሙም ለሰው እጅ የተገባ ነው። ከማስታመም የሚበልጠው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና፥ ወላጆች ሆይ፥ ከውሃ ዳር ገመድና መንጠቆ ጥሎ መሄድ ክፉ መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።