የሩጫው ደብተር

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው



በአገራችን ሩጫ ሲነሣ ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሜዳሊያ፣ ሰንደቅ ዓላማና የጀግና አቀባበል ነው። ሜዳሊያ የማያገኝ፣ ለጤናው ብቻ ብሎ የሚሮጥ ሰው መንገድ ላይ ሲታይ ግን «ምን ነክቶት ነው? ማን አባረረው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አመለካከት በትልልቅ ከተሞች ከተለወጠ ቆይቷል። ለዚህም በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥራችነት በኅዳር 1994 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2001) አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ትልቅ ድርሻ አለው። በ10 ኪሎ ሜትሩ ጎዳና ከታዋቂ አትሌቶች ኋላ ባለሱቁ፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ እየተሣሣቁ ሲሮጡ ማየት የተለመደ ሆኗል። እንደ ወረታ ባሉ ከተሞች ግን ነገሩ ገና እንግዳ ነው።

እኛ ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ስለ ሩጫው ብቻ አይደለም። አብሮት ስለሚመጣው ወግና ጨዋታ ጭምር ነው። ምላስ ከእግር ይልቅ ፈጣን መሆኑን በዓይናችን አይተናልና።

ማኅበራችን ስም የለውም። መዋጮም ሊቀ መንበርም የለውም። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከመስጊድ በር እንነሣለን። ጫማችን የተለያየ ነው። አንዳንዱ የሸራ ጫማ፣ አንዳንዱ ዘመድ ከዐረብ አገር የላከለትን የስፖርት ጫማ ያደርጋል። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ በመሆኑ ለጀማሪ የተመቸ ነው። በበጋ በሩዙ ማሳ ዳርና ዳር እንሮጣለን። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው ውኃ ስለሚተኛበት ከአስፋልቱ አንወርድም።

በወር አንድ ጊዜ መንገዱ ሰላም ሲሆን በጎንደር መንገድ በይፋግ በኩል አዲስ ዘመን ድረስ በመኪና ሄደን የጣራ ገዳምን ዳገት እንወጣለን። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጣራ ገዳም ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በሜዳው የሚኩራራ ሁሉ እዚያ ትንፋሹን ይቆጥራል። ከላይ የወይራና የጽድ ደን አለ። ደኑ ተከብሮ የኖረው በገዳሙ ጠባቂነት ነው። ሥፍራው የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የአምልኮ ቦታ ስለሆነም ደኑ ጫፍ ስንደርስ ጨዋታችንን አቁመን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንመለሳለን።

ከሩጫው መልስ ሻይ ቤት እንቀመጣለን። እዚያ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። እያንዳንዳችን የዕለቱን እንጽፍበታለን፤ ስንት ደቂቃ እንደሮጥን፣ እስከ የት እንደደረስን፣ ምን እንዳመመን። «ሰኞ፦ 30 ደቂቃ፣ ወደ ርብ አቅጣጫ። ማክሰኞ፦ ጉልበቴን አሞኝ 15 ደቂቃ። ረቡዕ፦ እንቅልፍ አሸንፎኝ ቀረሁ።» ደብተሩ ሲገለጥ ጨዋታው ይጀመራል።

«ሐጂ፣ ዛሬስ ባጃጁን ቀደሙት አሉ!» ይላል አንዱ።

«ኧረ አልቀደምሁትም። ቆሞ ሰው ሲያወርድ ነው ያለፍሁት» ይላሉ ሐጂ።

ትናንት ፈጥኖ ዛሬ የደከመውን ደግሞ «ትናንት የሐምሌ ርብ ነበርህ፣ ዛሬ ምነው የሚያዝያ ሆንህ?» ይሉታል።

ይህ ጨዋታ ከንቱ አይደለም። አንደኛ፣ ሰውን ከአልጋው ያስነሣል። በብርድ ለብቻው የማይወጣ ሰው «ዛሬ ብቀር ምን ይሉኛል?» ብሎ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት መለኪያ ነው። የሕክምና ባለሙያዎች እንደሚመክሩት እየሮጠ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር የቻለ ሰው በመጠን እየሄደ ነው። መልስ መስጠት ያቃተው ግን ከአቅሙ በላይ ሄዷልና ይቀንስ። በእኛ ዘንድ ለቀልድ መልስ ያጣ ሰው እንዲያዘግም ይነገረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ በፍጥነት የሚራመድ ሰው ይህን ያሟላል ማለት ነው።

ለመሆኑ መሮጥና በሩጫ መጫወት ከዲናችን ጋር እንዴት ይታያል? ይህን የሚጠይቁን ወንድሞች አሉ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የሰለማህ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ከዘመቻ ወደ መዲና ሲመለሱ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ አንድ የአንሷር ሰው እስከ መዲና የሚወዳደረው ሰው እንዳለ ደጋግሞ ይጠይቅ ጀመር። ሰለማህም ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ ጠይቆ ከግመል ዘሎ ወረደ። ግን ወዲያው አልፈተለከም። ትንፋሹን ለመቆጠብ አንድ ሁለት ጉብታ ያህል ራሱን ያዝ አደረገ። በኋላ ፍጥነቱን ጨምሮ ደረሰበትና በሁለት ትከሻው መካከል መታ አድርጎ መቀደሙን ነገረው። ሰውየውም አልተቆጣም፤ እንደዚያ ሳይሆን እንዳልቀረ አመነ። በጣራ ገዳም ዳገት ሥር ወጣቶቹ ገና ከመነሻው ሲፈተለኩ ይህን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመው ሲያለከልኩ ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ያልፏቸዋልና!

የእመት ዓኢሻም (ረ.ዐ) ታሪክ ይታወቃል። አቡ ዳውድና አሕመድ እንደዘገቡት በጉዞ ላይ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በእግር ተሽቀዳድመው ቀደሟቸው። ከጊዜ በኋላ ሰውነታቸው ሲከብድ እንደገና ሲሽቀዳደሙ ነቢዩ ቀደሙና ያኛውን በዚህኛው መካካሳቸውን በጨዋታ ነገሯቸው። ሩጫም፣ መሸነፍም፣ ለከርሞ ቂም ሳይሆን ፈገግታ ማቆየትም በዚህ ውስጥ አለ። በባልና በሚስት መካከል መሆኑ ደግሞ ለቤተሰብ ትልቅ ትምህርት ነው። የአንዳንዶቻችን ባለቤቶችና እኅቶች ከዐስር በኋላ ተሰባስበው በእርምጃ ይወጣሉ። ሒጃብ ለእንቅስቃሴ ያስቸግራል ለሚሉትም በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፋ ሜዳሊያዋን በሒጃብ መቀበሏን ዓለም አይቷል።

ይሁንና፣ ውድ አንባብያን፣ ጨዋታ ድንበር አለው። ድንበሩን ያየነው በደብተሩ ላይ ነው።

ከመካከላችን ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው አንድ ባለሱቅ ሐጂ አሉ። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሐኪም በየቀኑ እንዲራመዱ አዝዟቸው ነው ከእኛ ጋር የጀመሩት። እኛ ስንሮጥ እርሳቸው በእርምጃ ይከተላሉ። ደርሰውም «20 ደቂቃ፣ በእርምጃ» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ቀን ከወጣቶቹ አንዱ ከጽሑፋቸው ጎን «የቀብር አጃቢ» ብሎ ጻፈበት። አንብበው ፈገግ አሉ። ደብተሩን አጠፉ፤ የሁሉንም ሻይ ከፍለው ሄዱ።

በማግሥቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በዘጠነኛው ቀን ተማሪያችን የሆነው ልጃቸው አባቱ እርምጃውን እንደተዉና የስኳራቸው መጠን ከፍ ማለቱን ነገረን። አንድ ቃል ሁለት ፊደል የማይሞላ ቀለም ፈጅታ የአንድን አባት መድኃኒት አስጣለች ማለት ነው።

ከዒሻ በኋላ ወጣቱን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ልጁ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ።

«አፉ ብያለሁ ልጄ» አሉት። «ደግሞስ ቀብር ማጀብ ምን ነውር አለው? አጅር ነው። የከፋኝ መባሌ አይደለም፣ መጻፉ ነው። የተናገርኸውን ነፋስ ይወስደዋል። የጻፍኸውን ግን ነገ ልጄ ከፍቶ ያነበዋል።»

ቀጥለውም ለመመለስ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወጣቱ ለአንድ ሳምንት ከእርሳቸው ጋር በእርምጃ እንዲሄድ። ሄደም። በሳምንቱ መጨረሻ «መሮጥ ይቀላል፤ ከሐጂ ጋር ሰው ሁሉ እያስቆመ ሰላም ሲል ጉልበት ይፈጃል» ብሎ አሣቀን። ይህ ቀልድ ግን ማንንም አላሳነሰም። ሐጂ ዛሬ 45 ደቂቃ ይራመዳሉ። በኪሳቸው ሁለት ሦስት ተምር ይይዛሉ፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲንቀሳቀስ ስኳሩ ከመጠን በታች ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያልበው ይችላልና። ቤት ሲገቡም እግራቸውን ቁስል እንዳይኖር ይመረምራሉ። አሁንም ደስ ሳይላቸው የሚቀሩበት ቀን አለ። ያን ጊዜ አንዳችን ሱቃቸው ጎራ እንላለን።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ሦስት ነገር ተስማማን።

አንደኛው፣ ቀልድ ፊት ለፊት እንጂ በደብተር አይጻፍም። ደካማው በድካሙ፣ ሕመምተኛው በሕመሙ አይቀለድበትም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አንዱ በሌላው እንዳይሣለቅና በመጥፎ ቅጽል እንዳይጠራራ የከለከለው ለምን እንደሆነ የሐጂን ባዶ ወንበር ያየ ይገባዋል። የመጨረሻው ሰው ሳይደርስም ሻይ አይቀዳም።

ሁለተኛው፣ ቁጥር አማና ነው። 20 ደቂቃ ሮጦ 40 የሚጽፍ ሌላውን ከአቅሙ በላይ ያስሮጣል። ራሱንም ያታልላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲቀልዱ እንኳ ከእውነት አይወጡም ነበር። ሰው ለማሣቅ የሚዋሸውንም አስጠንቅቀዋል። በቅንነት መሳሳት ግን ሌላ ነው፤ ለተማሪዎቻችን የሙሐመድ ከድርን ታሪክ እንነግራቸዋለን። በሞስኮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1980 በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው ይህ አትሌት በዓመቱ በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ከጓዶቹ ጋር ሲመራ ሳለ ዙር ተሳስቶባቸው አንድ ዙር እየቀረ ያለቀ መሰላቸው። ሆኖም እንደገና ተነሥቶ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በሮም አንደኛ ሆነ። የተሳሳተ ቁጥሩን አርሞ ይቀጥላል፤ የዋሸ ግን የሚያርመው ነገር የለውም።

ሦስተኛው፣ ደብተሩ የእግር እንጂ የዒባዳ መዝገብ አይደለም። አንድ ወንድም በቅን ልቦና ከደቂቃው አጠገብ የሌሊት ሶላቱን መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሸኻችን አይተው ፈገግ አሉና «ይህንን የሚጽፉልህ ሌሎች አሉ» አሉት። ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በደረሰው የሰላም መታጣት ጎህ ሳይቀድ መውጣት የማይቻልባቸው ሳምንታት ብዙ ሆነዋል። ወደ ጣራ ገዳም የምንወጣባቸው ወራትም ተቆራርጠዋል። ያን ጊዜ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቀን በመስጊዱ አጥር ዙሪያ እንመላለሳለን። በረመዷን ደግሞ ከመግሪብ በፊት በዝግታ 15 ደቂቃ ብቻ እንራመዳለን። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ያንሳል፤ ሰዉ ግን ተጠያይቆ ያድራል። ማን ቀረ? ለምን ቀረ? ከቁጥሩ ይልቅ የሚፈለገው ይኸው ነው። ከሥራዎችም አላህ ዘንድ የተወደደው ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ከሐዲስ ተምረናል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ነገ ከሱብሒ በኋላ 10 ደቂቃ በእርምጃ ጀምሩ። ተሽቀዳደሙ፣ ተጫወቱ፣ ተሣሣቁ። ወጣቶች ሆይ፣ የኋላውን ሰው ጠብቁ። ምላሳችሁ ወደ እርሱ ሲያመራ ከእግራችሁ ይልቅ ልጓም የሚያሻው እርሱ መሆኑን አትርሱ።

አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለአካላችን ጤናን፣ ለምላሳችን እውነትን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።