አስቀድሞ የሚሰማ ጆሮ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ምሽት፣ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥሩ 1520 በሆነው የመኖሪያ ሕንፃ የጋራ መዝናኛ ክፍል ውስጥ የጭፈራ ግብዣ ተደረገ። አዘጋጇ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ወጣት ስትሆን፣ ዓላማዋም ለአዲሱ የትምህርት ዘመን የልብስ መግዣ ገንዘብ ማግኘት ነበር። መግቢያው ለሴቶች 25፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ሆኖ ተቆረጠ። ሙዚቃ የማጫወቱ ኃላፊነት የተጣለው በታላቅ ወንድሟ በክላይቭ ላይ ነበር። በጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ብሮንክስ የመጣው ይህ ወጣት፣ ዓለም የሚያውቀው ኩል ኸርክ በሚለው ስሙ ነው።

ኸርክ ከመሣሪያው ይልቅ የሚጨፍረውን ሰው ይመለከት ነበር። ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት አጭር ክፍል ላይ ጨፋሪው ሁሉ እንደሚነሣሣ አስተዋለ። ስለዚህም ከአንድ ሸክላ ሁለት ቅጂ ይዞ፣ አንደኛው ሲያልቅ በሁለተኛው እየጀመረ፣ ያችን አጭር ክፍል ማስረዘም ያዘ። ሂፕ ሆፕ የተባለው ኪነት የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚያ ምሽት ነው።

ይህ ታሪክ በቤቱ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ዲጄነትን ለመማር ለሚያስብ ወጣት የሚነግረው ነገር አለ። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ገበያ የሚወጣው በዋጋና በመብራት ብዛት ተመርቶ ነው፤ ሲመለስም የየዕቃውን ተግባር ሳያውቅ ሣጥን ተሸክሞ ይገባል። ለመሆኑ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሁለት የድምፅ ምንጮች፣ አንድ ማደባለቂያ፣ አንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ጥንድ ድምፅ ማጉያ፤ ከዚህም ጋር ሁሉንም የሚያያይዙ ሽቦዎች። የቀረው ጌጥ ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ ማጫወቻ ነው። በአንዳንዱ ማጫወቻ ሞተሩ ሸክላውን የተሸከመውን ክብ ሰሌዳ የሚያዞረው በቺንጋ አማካይነት ነው። ይህ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ይበቃል፤ ሸክላውን በእጅ ለሚያቆምና ለሚለቅ ሰው ግን ቺንጋው ይላላል፣ ፍጥነቱም ወዲያው አይመለስም። የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ቴክኒክስ በሚለው ስሙ እ.ኤ.አ. በ1970 ሰሌዳውን ያለ ቺንጋ በቀጥታ የሚያዞር ሞተር ያለው ማጫወቻ አወጣ፤ በ1972 ደግሞ ኤስኤል 1200 የተባለውን አስከተለ። የተሠራው በቤት ውስጥ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ ለዲጄ ያደረጉት ዲጄዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1979 የወጣው ተከታዩ፣ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ቁልፍ ተገጠመለት፤ የሁለት ሙዚቃዎችን ምት ማስተካከል የሚቻለው በዚህ ቁልፍ ነው።

ሁለተኛው መርፌው ነው፤ የጀማሪው መከራም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መርፌው ከሸክላው ቦይ የሚያነሣው ኤሌክትሪክ የአንድ ቮልት ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ ነው። ደግሞም ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ቦዩን እንዳያሰፋው ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ይጨመራል። ይህን አጉልቶ ወደ ቀድሞ ሚዛኑ የሚመልሰው፣ ለሸክላ ተብሎ የተሠራው የማደባለቂያው መግቢያ ነው። ሽቦውን በሌላው መግቢያ የሰካ ሰው የሚሰማው ቀጭንና የራቀ ድምፅ ነው፤ እሱ ግን ድምፅ ማጉያውን ይረግማል። የመርፌው ክብደትም በግራም ተለክቶ መስተካከል አለበት፤ ሲቀል ይዘላል፣ ሲከብድ ቦዩን ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምሃ እሸቴ በአዲስ አበባ ያሳተማቸውን ሸክላዎች በቤቱ ያኖረ ሰው ይህን ቸል ሊል አይገባውም፤ የተበላ ቦይ አይመለስምና።

ሦስተኛው ማደባለቂያው ነው፤ የጥበቡም ልብ ይኸው ነው። የሁለቱን ምንጮች ድምፅ ለየብቻ ይመጥናል፤ በመካከሉ ያለው ተንሸራታች ቁልፍም ከአንደኛው ወደ ሌላው ያሻግራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሕዝቡ ገና ያልሰማውን ሸክላ ለዲጄው ብቻ በጆሮ ማዳመጫው ማሰማቱ ነው። በባርቤዶስ ተወልዶ በብሮንክስ ያደገው ጆሴፍ ሳድለር፣ በኋላ ስሙ ግራንድማስተር ፍላሽ፣ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ወጣት ነበር። የፈለገውን የሚያደርግ መሣሪያ በእጁ ስላልነበረ፣ ቀጣዩን ሸክላ አስቀድሞ የሚያሰማውን ማብሪያና ማጥፊያ ከየቦታው በለቃቀመው ዕቃ ራሱ ሠራ። ሰሌዳው እየዞረ ሸክላውን በእጁ ለመያዝም የፌልት ጨርቅ በክቡ ቆርጦ፣ በስታርች አጠንክሮ ከሥሩ አነጠፈ። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ምንጣፍ የዚያ ጨርቅ ዘመድ ነው።

አራተኛው ድምፅ ማጉያው ነው። ጥንዱ በጆሮ ቁመት፣ ፊታቸው ወደ አድማጩ ሆኖ ይቀመጡ፤ ማጫወቻው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ግን አይሁኑ፤ ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ገብቶ ያጉረመርማልና። ሲከፈት ማደባለቂያው ይቅደም፣ ማጉያው ይከተል፤ ሲዘጋ ማጉያው ይቅደም። ቀዩ መብራት የኃይል ምልክት ሳይሆን ድምፁ መሰበሩን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው። ጆሮም ወሰን አለው፤ በሥራ ጤና ጥበቃ የታወቀ አንድ መመሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 94 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። ጎረቤትም እንቅልፍ አለው።

ዛሬ ሁለቱ ማጫወቻዎችና ማደባለቂያው በአንድ ሰሌዳ ተጠቃለው ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛሉ፤ ምቱንም ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክላል። ይህን ከጥበብ ውጪ ነው ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ጀማሪ በሩን የከፈተለት እሱ ነው። ይሁንና ቀጥሎ ምን መሰማት እንዳለበት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ደክሞ እንደሆነ ወይም ገና እየሞቀ እንደሆነ ማሽኑ አያይም። ባለማሲንቆው ጅራቱን ቃኝቶ፣ የተቀመጠውን እንግዳ አይቶ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ዲጄውም አንድ ጆሮውን ለሚመጣው ሙዚቃ፣ አንዱን ደግሞ ለሰዉ ሰጥቶ ይቆማል።

እንግዲህ ጀማሪው ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር ይሞክር። በተዋሰው ጆሮ ማዳመጫ ሁለት ዘፈኖችን ደጋግሞ ያዳምጥ፤ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ይፈልግ፤ ምቱን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይቁጠር። ይህን ያደረገ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ፣ የሚፈልገውን ዕቃ በስሙ ጠርቶ ለምን እንደሚፈልገውም ያውቃል።