ፊልም ያማረው ወረቀት

ፒዲኤፍ የተፈጠረው እንዳይነቃነቅ ነው። አዶቤን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆን ዋርኖክ በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) «ካሜሎት» ያለውን ሐሳቡን በጥቂት ገጾች ሲያሰፍር ጭንቀቱ አንድ ነበር፦ እኔ ዘንድ አምሮ የተሠራ ሰነድ አንተ ዘንድ ሲደርስ ፊደሉ ተዛንፎ፣ ሠንጠረዡ ፈርሶ እንዳይገኝ። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን አማርኛ የጻፈ ሰው ይህን ጭንቀት አስረዱኝ አይልም። በፍሎፒ የሄደ ደብዳቤ፣ ያው ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር። በ1993 የወጣው አክሮባት ፊደሉን ጠቅልሎ አብሮት የሚጓዝ ሰነድ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ማንበቢያውም ጭምር በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ለማንበቢያ ማን ይከፍላል? ዓለምን የወረሰው በነፃ መታደል ሲጀምር ነው።

ከዋርኖክ በፊት ሌላ ግትር ሰው ነበረ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት በ1977 የመጽሐፉ የሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም ፕሩፍ ሲመጣለት አየና አንጀቱ አረረ፤ ፊደሉ አስጠሊታ ነበር። ሌላ ደራሲ ቢሆን ከማተሚያ ቤቱ ጋር ይነታረካል። እሱ ግን ሥራውን አስቀምጦ ቴክ የተባለውን የገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ጻፈ። በ1980ዎቹ ሌስሊ ላምፖርት ላቴክን ደረበበት። ለአማርኛም ዋለ፤ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክና ከሌሎች ጋር «ኢትዮፕ» የሚባል ጥቅል ሠርተውለታል። ክኑት በመጨረሻ «በቃ፣ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልጨምርም» አለ። እርማት በተደረገ ቁጥር የእትሙ ቁጥር አንድ አሃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ይጠጋል። እሱ ሲሞት ቁጥሩ ፓይ ላይ ይቆማል፤ ያኔ የተረፈ ስህተት ቢኖርም ስህተት መባሉ ይቀራል። እስከዚያው አዲስ ስህተት ላገኘ የሚሰጠው ሽልማት 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ነው።

በ1990ዎቹ ብርኖ ከተማ ይማር የነበረው ሃን ቴ ታን ሁለቱን ግትሮች አጋባቸው፤ ፒዲኤፍቴክን ሠርቶ ቴክ በቀጥታ ፒዲኤፍ እንዲያወጣ አደረገ። እንግዲህ ከሁለት እንደ ድንጋይ ከረጉ ወላጆች የተወለደ ልጅ አርፎ ይቀመጣል ብለን ነበር። እሱ ግን ፊልም አማረው።

አምሮቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች በ2003 በቲል ታንታው የተጀመረውን ቢመር ካገኙ ወዲህ ስላይዳቸውንም በላቴክ ይሠሩ ጀመር። የሚፈስ ውኃን በቆመ ሥዕል ማስተማር አስቸጋሪ ነው፤ አዙሪቱ እንዴት እንደሚወለድ ካልታየ ቀስቱ ሁሉ ዋጋ የለውም። ፒዲኤፍ ከ1996 ጀምሮ ፊልም የማስገቢያ መንገድ ነበረው፤ ነገር ግን ማጫወቱን ኮምፒውተሩ ላይ ለተገኘ ሌላ ፕሮግራም ይተወው ነበር፤ የተገኘው ፕሮግራም ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል። በ2008 አክሮባት 9 ፍላሽ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ሆዱ ውስጥ ይዞ ብቅ አለ። በላቴክ በኩል ያለውን ድካም የተሸከመው አሌክሳንደር ግራን ነው። መጀመሪያ ሙቪ15 የተባለውን ጥቅል፣ በ2012 ደግሞ ሚዲያ9ን ለሁላችን በነፃ ሰጠን።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ኢንክሉድሚዲያ የሚለውን ትእዛዝ ትጽፋለህ፤ ስፋቱን ትሰጠዋለህ፤ ከመነካቱ በፊት የሚታይ አንድ የቆመ ሥዕል ታስቀምጥለታለህ፤ በመጨረሻ የዩቲዩቡን አድራሻ በቅንፍ ትከታለህ። ፒዲኤፉ ሲወጣ ገጹ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ታያለህ። ጠቅ ስታደርገው ከላይ ቢጫ መስመር ይወጣና ሰነዱን ታምነው እንደሆነ ይጠይቅሃል። አምነዋለሁ ትላለህ። ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ሰነድ ከዩቲዩብ ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ዩቲዩብንስ ታምናለህ? የራስህን ጽሑፍ ለመክፈት እንደ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ትመልሳለህ።

የውኃ ምህንድስና የሚያስተምር አንድ ወዳጄ በሰው ፊት ሲያቀርብ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቢጫውን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩ ላይ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። አዳራሹ ዋይፋይ አለው ይባላል እንጂ ያገኘው ሰው አልነበረም። ከፊት የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መምህር ሰዓታቸውን አዩና፣

«አንተ ልጅ፣ ውኃው እስኪመጣ እኛ ሻይ ጠጥተን እንምጣ?» አሉት።

«ጋሼ፣ ውኃውስ አለ፤ የጠፋው መስመሩ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ግን ከቀልድ በላይ እውነት ነበረው። ቪዲዮው ሰነዱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የዩቲዩብን ቪዲዮ በዚህ መንገድ ስታስገባ ማጫወቻው እንኳ የሚመጣው ከዩቲዩብ ነበር። ፒዲኤፉ የያዘው የቆመውን ሥዕልና አድራሻውን ነው። ፋይሉ ትንሽ የሆነው፣ በኢሜይልም የሚላከው ለዚህ ነው፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ጥቅም እናወራው ነበር።

ፍላሽ ለፒዲኤፍ የማይታመን ደባል ነበር፤ በእሱ በኩል ሌባ ይገባል። በ2009ም በ2010ም በአክሮባት ውስጥ ያለው የፍላሽ ክፍል ለአጥቂዎች በር ከፍቷል። አዶቤ በ2012 ፍላሹን ከማንበቢያው ውስጥ ማውጣት ጀመረና ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ተጠቀሙ አለ። በዊንዶውስ የሚፈለገው ደግሞ ለፋየርፎክስ የተሠራው ዓይነት ነበር። ፋየርፎክስን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ፒዲኤፍ ውስጥ ፊልም ለማየት የፋየርፎክስን ፍላሽ ይጫን ማለት ነው። ይህን ለአንድ የመምሪያ ኃላፊ በስልክ ለማስረዳት የሞከረ ይፍረደኝ።

የቀረው በፍጥነት ሆነ። ስቲቭ ጆብስ ፍላሽን አይፎን ላይ አላስገባም ብሎ በ2010 ደብዳቤውን ጽፎ ነበር። ዩቲዩብ በ2015 በፍላሽ ፈንታ ኤችቲኤምኤል 5ን መደበኛ ማጫወቻው አደረገ። አዶቤ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ቋጨ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘቱን አላጫውትም አለ። ግራንም ሚዲያ4ኤስቪጂ የሚባል ሌላ ጥቅል ሠርቷል፤ ፊልሙ እዚያ ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን በብራውዘር ውስጥ እንጂ በፒዲኤፍ አይደለም። ወረቀቱ አምሮቱን ሳይወጣ ቀረ።

እኔን ያስደነቀኝ የፍላሽ መሞት አይደለም፤ የገጹ አለመሞት ነው። ያን ዘመን የተሠራ ፒዲኤፍ ዛሬ ቢከፈት ርዕሱ፣ ቀመሩ፣ የግርጌ ማስታወሻው ሁሉ በቦታው ነው። የሞተው ያ ሳጥን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የቆመ ሥዕሉን አስቀርቷል። ሥዕሉን ያኔ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ብዙዎቻችን የቪዲዮውን የመጀመሪያ ጥቁር ፍሬም እየቆረጥን እንለጥፍ ነበር።

ስለዚህ በቴሲሳችሁ ወይም በስላይዳችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን ያላችሁ ሁሉ የላቴክ ምንጭ ፋይላችሁን ፈልጉ። በአድራሻው ውስጥ አሥራ አንድ ምልክት የያዘ የቪዲዮ መለያ አለ። በብራውዘር ሞክሩት፤ ቪዲዮው ካልተነሣ ይከፈታል። ከዚያ አድራሻውን ከሥዕሉ በታች በሚነበብ ፊደል ጻፉት፣ የቪዲዮውን ቅጂም እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። አዲስ የምትጽፉ ደግሞ ለሥዕሉ ጥሩ ፍሬም ምረጡ።