«ምን አገባኝ» ወይስ «የሰው ያለህ»?

«ምን አገባኝ!» ማለት የማይወድ የከተማ ልጅ አለ? እኔም እወዳታለሁ፤ ከስንት ጣጣ አውጥታኛለች! ይህችን ቃል ሕግ አድርገው የያዙ የጠፈር መርከበኞች እንዳሉስ ታውቃላችሁ? በፊልም ነው ታዲያ!

በ1966 እ.ኤ.አ. በተጀመረው «ስታር ትሬክ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም፣ መርከበኞቹ በሥልጣኔ ወደ ኋላ የቀረ ዓለም ሲያገኙ ከሩቅ ማየት እንጂ እጃቸውን ማስገባት ክልክል ነው። ለምን ቢሉ፣ በደግነት የሰጡት ነገር እንኳ የሕዝቡን የራሱን አካሄድ ሊያበላሽበት ይችላል። እውነት ነው'ኮ! «ላሠልጥናችሁ» እያለ የገባ ባዕድ ስንቱን አገር አመሰው።

በ1989 እ.ኤ.አ. የታየው አንዱ ክፍል ግን ዛሬም ያሳስበኛል። ዳታ የሚባለው ሰው መሰል ማሽን፣ የሚሰማት ሰው እንዳለ የምትጣራ የአንዲት ትንሽ ልጅ መልእክት ይደርሰዋል። የምትኖርበት ዓለም ከውስጥ እየተናጠ ሊጠፋ ነው። መኮንኖቹ ተሰብስበው ይከራከራሉ። ካፒቴን ፒካርድ ሕግ ሕግ ነው ብሎ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ያዛል። ዳታ ሊያቋርጥ ሲል የልጅቷ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል... ፈርታለች። አለቀ! ካፒቴኑ ፊቱን ማዞር አቃተው። ዓለሟን አዳኑላት፤ ትዝታውን ግን ከአእምሮዋ ፋቁት። ምስጋና እንኳ አልተረፋቸውም።

እኔ የተከራየሁበት ግቢ ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ገብቼ አላውቅም። የሁለት ሰው ጉዳይ ነዋ! ግቢውም «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይተኛል። አንድ ሌሊት ግን ሚስትየዋ «የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ወጥቼ በራቸውን ደበደብኩ። ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ተከተሉኝና ሰውየውን ይዘን አወጣነው። በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሰላም እንኳ አላለችኝም። ምን ይደረግ? ለምስጋና አልወጣሁም።

እናላችሁ፣ ወዳጆቼ፣ የሰው ኑሮ በራሱ መንገድ ይሂድ፤ ሳይጠሯችሁ መካሪና ፈራጅ አትሁኑ። «የሰው ያለህ» ስትሰሙ ግን ስም አልተጠራም ብላችሁ እንዳትተኙ፤ የተጠራው ሰው ነው። ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ግን ሂዱ። «ምን አገባህ?» ለሚላችሁ መልሱ አጭር ነው፦ ተጠርቻለሁ!