ወንድሜ በጃፓን አማቶቹ ቤት

ታናሽ ወንድሜ በጃፓን አገር የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነው። የዚያችኑ አገር ልጅ አግብቶ ከአማቶቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይኖራል። እናታችን በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ ናት፤ እኔም በወልድያ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና ከእርሱ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ለእናቴ የማደርሰው እኔ ነኝ።

የጋብቻው ነገር በተሰማ ጊዜ እናቴ እጅግ አዘነች። «እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር አንድ የማውቀው ስም የማይገኝበት ጋብቻ ምን ጋብቻ ነው?» አለች። እኔም ላጽናናት ብዬ የልጅ አርአያ አበበን ታሪክ ነገርኋት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በሄዱ ጊዜ ልጅ አርአያ አብረዋቸው ነበሩ፤ ብላቴን ጌታም ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉት። በ1926 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ማሳኮ ኩሮዳ የምትባል ከመኳንንት ወገን የሆነች ወይዘሪት ለልጅ አርአያ እንደ ታጨች በየአገሩ ጋዜጣ ተወራ። ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ። እናቴ ይህን ሰምታ «እንግዲያው ለመኳንንቱ ያልሆነው ለመርሳ ልጅ ይሆናል ትለኛለህ?» ብትለኝ መልስ አጣሁ።

ወንድሜ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ከአገሬው መምህር ጎን በመቆም ልጆቹን እንግሊዝኛ ያናግራል። የምሳ ጊዜ ሲደርስ ልጆቹ ነጭ ልብስ ደርበው ምግቡን ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ መምህሩም በዚያው ክፍል አብሯቸው ይበላል። ክፍሉንም የሚጠርጉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እኔም በልጅነቴ የየኔታን ግቢ የጠረግሁ ነኝና ይህ አላስደነቀኝም።

ትምህርት ቤቱስ አልከበደውም፤ የከበደው ቤቱ ነው። በዚያ አገር ሰው አስቀድሞ ከገንዳው ውጭ በሳሙና ታጥቦ ከጠራ በኋላ ወደ ሙቁ ውኃ ይገባል፤ ያው ውኃም ለቤተ ሰቡ ሁሉ በየተራ ያገለግላል። በመጀመሪያው ማታ እንግዳ ነውና ፊተኛውን ተራ ለእርሱ ሰጡት። እርሱ ግን የገባበትን ውኃ ለሽማግሌ አማቱ መተው ነውር መስሎት፣ ሲወጣ ገንዳውን ሙልጭ አድርጎ ደፋው። አማቱም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሌላ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ በብርዱ ተቀምጠው ጠበቁ።

ከዚህ የከፋው በማዕድ ላይ የሆነው ነው። ሩዝ ሲበላ በር ተንኳኳና ሊከፍት ሲነሣ የሚበላባቸውን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ሩዙ ላይ ተክሎ ሄደ። ሲመለስ ሁሉም ዝም ብለው አገኛቸው። ሚስቱ እንጨቶቹን ነቅላ በአግድም አኖረችና፣ እንጨት በሩዝ ላይ የሚቆመው ለሞተ ሰው በሚቀርብ መብል ነው ብላ አስረዳችው። ይህን ለእናቴ ባወራሁላት ጊዜ ለጎረቤቶቿ ሁሉ እየነገረች ሳቀችበት።

የአማቶቹ ሃይማኖት የቡድሃ ነውና አንዳንድ ወዳጆቼ «እንዴት ከዚያ ቤት ይበላል?» ይሉኛል። እኔ ግን የወሎ ሰው ነኝ፤ በእኛ አገር እስላሙና ክርስቲያኑ ሥጋውን ለይቶ ሰርጉንና ለቅሶውን አንድ አድርጎ ሲኖር አይቻለሁ። ሴት አማቱም በጾም ወራት ከዓሣ የሚወጣውን መረቅ ትተው ከባሕር ቅጠል የተቀቀለ መረቅ ይሠሩለታል።

ሥራዬ መዝገብ ነውና ስለ መዝገባቸውም ጠየቅሁት። የጃፓን ሰው ከነቤተ ሰቡ በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ ለውጭ አገር ሰው ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አይከፈትለትም፤ ጋብቻው በሚስቱ መዝገብ ላይ ይጠቀሳል እንጂ። በነዋሪዎች መዝገብ እንኳ የውጭ አገር ሰዎች ከዜጎች ጋር መጻፍ የጀመሩት በ2004 ዓመተ ምሕረት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ የእነርሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለች።

በነሐሴ 2013 ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ወደ እኛ ደረሰ። እኔ ወደ መርሳ ወርጄ ከእናቴ ጋር ነበርሁ። ስልክም መብራትም ስለ ተቋረጠ ወንድሜ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መሞታችንንና መኖራችንን ሳያውቅ ቆየ። ስልኩ በተመለሰ ጊዜ ካለቀሰ በኋላ የነገረን ይህ ነው፤ ሴት አማቱ በእነዚያ ወራት በየጧቱ ከቤተ ሰቡ ማዕድ ጋር አንድ ሳህን ሩዝና አንድ ሲኒ ሻይ ለእናታችን ለብቻ ያቀርቡ ነበር።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «ሳልሞት ተዝካሬን አወጡልኝ!» ብላ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እንጨቶቹ ቆመው ነበር ወይስ ተጋድመው?»

«ተጋድመው ነው እማዬ፤ አንድም ቀን አልቆሙም። ካጌዜን ይሉታል፤ ቤተ ሰብ የሆነ ሰው በሩቅ መንገድ ወይም በጦርነት ላይ ሳለ እንዳይራብና በደኅና እንዲገባ የሚቀርብ ነው።»

እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «የእኒያ ሴት ስማቸው ማን ነው?» አለች። እስከዚያ ቀን «እነዚያ ሰዎች» ከማለት በቀር ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሦስት ጊዜ አስደገመችውና አባታችን የተወልንን ዳዊት አምጥታ ሰጠችኝ። እኔም በመጨረሻው ቅጠል፣ የእኛ ልደት ከተጻፈበት በታች፣ ስሙን ጻፍሁት።