የካልዲ ፍየሎች ያላዩት

ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ከጥቁር አሜሪካዊ ጋር ቡና ጠጥቶ «እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» ያላለ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ትናንት ማታ ከአውሮፕላን የወረደ ነው፣ ወይ እንግሊዝኛው ገና አልፈታለትም። ዓድዋን እናስቀድማለን፤ ከዓድዋ ቀጥሎ ቡናን እናቀርባለን። ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ መሀል ከተማ ተነስቶ እስከ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ደጅ በሚዘልቀው በዚህ ጎዳና፣ በተለይ ቴመስካል በሚባለው ሰፈር፣ የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ስለተጎራበቱ ጉራ መንዣ ቦታ አይጠፋም።

የቡናውን ታሪክ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ሲጨፍሩ አየ፤ ፍሬውን ለመነኩሴ ወሰደ፤ ዓለም ነቃ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የፍየሎቹ ወሬ በመጽሐፍ የታተመው በ1671 ሮም ላይ ነው፤ ያሳተመውም ፋውስቶ ናይሮኒ የሚባል የማሮናውያን ሊቅ ነው። እንግዲህ ጉራችንንም ከውጭ አስመጥተነዋል ማለት ነው።

አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከዚያው ጎዳና ከሚገኝ የሐበሻ ቤት አይጠፉም። አስተናጋጇ ዕጣኑን ስታጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ በሩን ከፍተው የሚይዙላት እሳቸው ናቸው። አቦሉን ቀምሰው «ጥሩ ነው፤ ቺከሪ ነው የጎደለው» ይላሉ ሁልጊዜ። ቺከሪ ሥሩ ተቆልቶ ከቡና ጋር የሚፈላ ተክል ነው፤ የኒው ኦርሊንስ ሰው ያለ እሱ ቡና የጠጣ አይመስለውም። ቤተሰባቸው ከሉዊዚያና ነው የመጣው። የአባታቸው ስም የጠራ ፈረንሳይኛ ነው። ስሙ ከየት መጣ ብዬ መቆፈር ስጀምር ያገኘሁት የራሴን ቡና ነው።

ቡና ከእኛ ወደ የመን ተሻገረ። ከየመን ደችዎች ወደ ጃቫ ወሰዱት። የአምስተርዳም ከተማ በ1714 አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ሰጠች። በ1720ዎቹ ዴ ክሊዮ የሚባል መኮንን ከዚያ ዘር አንዱን ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሄደ። በመርከቡ ላይ ውሃ ሲያልቅ ከራሱ ድርሻ እየቀነሰ ችግኙን ያጠጣ ነበር ይባላል፤ ፈረንሳዮች ይህን ሲተርኩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። በዚያው ውቅያኖስ ሌሎች መርከቦች ሰው በካቴና አስረው ይሻገሩ ነበር፤ ለእነዚያ ከድርሻው ውሃ ያካፈለ መኮንን ታሪክ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወደ ሳን ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሃይቲ፣ ያመራል። ሸንኮራ ሰፊ ሜዳ፣ ወፍጮና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ቡና ግን ተራራና የሰው እጅ ከተገኘለት ይበቃዋል። ስለዚህ ለሸንኮራ አቅም ያጠረው ሁሉ ወደ ዳገቱ ወጣ። ደኑን የሚመነጥረው፣ ጉድጓዱን የሚቆፍረው፣ ቀን ቀዩን ፍሬ ሲለቅም ውሎ ማታ በመብራት የተሰበረውን ከደህናው ሲለይ የሚያመሸው ባሪያው ነው። ሥራው ሰው ይጨርሳል፤ ያለቀው በአዲስ ይተካል። በ1780ዎቹ መጨረሻ ቅኝ ግዛቲቱ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር። በዚያው ጊዜ በየዓመቱ ከ30,000 በላይ አፍሪካውያን ይራገፉባት ነበር። አውሮፓ ማለዳ እንዲነቃ ማለት ነው።

በ1791 ባሪያዎቹ ራሳቸው ነቁ። በ1804 ሃይቲ ነፃ አገር ሆነች። ጌቶቹ ግን የሚችሉትን ያህል ባሪያ ይዘው ስፔን ትገዛት ወደነበረችው ኩባ ሸሽተው፣ ከሳንቲያጎ በላይ ባሉት ተራሮች ቡናቸውን እንደገና ተከሉ። ናፖሊዮን ስፔንን ሲወርር ደግሞ ስፔኖች ተበሳጭተው ፈረንሳዮቹን ከኩባ አባረሯቸው። በ1809ና በቀጣዩ ዓመት ከ9,000 በላይ ስደተኛ ኒው ኦርሊንስ ገባ፤ ከዚህ ውስጥ ከ3,000 በላይ የሚሆነው ባሪያ ነበር። አሜሪካ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ከ1808 ጀምሮ በሕግ ከልክላ ነበር። ኮንግረሱ ለእነዚህ ስደተኞች ሲል ቅጣቱን ማረላቸው። ሕግም እንደ እኛው አገር ለእንግዳ ወንበር ይስባል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሪችመንድና ኦክላንድ ያሉት የመርከብ ፋብሪካዎች «የሠራተኛ ያለህ!» ሲሉ፣ ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ ጥቁሮች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው መጡ። የሽማግሌው ወላጆች ከእነዚያ መካከል ናቸው። ስማቸው ከሳን ዶሚንግ ይምጣ ወይስ ከሌላ ቦታ ማረጋገጫ የለኝም። ሆኖም ይህን ሁሉ በደስታ ነገርኳቸው፤ «ቡናችን ነው እዚህ ያገናኘን» ብዬ ላሳርገው አስቤ ነበር።

እሳቸው ስኒውን አስቀመጡና «እናንተ አገርስ ባርነት አልነበረም?» አሉኝ።

ነበረ። ከከፋ፣ ከእናርያና ከጅማ ተነስቶ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ የሚደርሰው የሲራራ ነጋዴ ቡናና ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚያመጣው። ሰውም ይነዳ ነበር፤ አብዛኞቹም ልጆች። ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ፤ በሸዋ በኩል በአልዩ አምባ ወደ ታጁራ። ካልዲ እዚያ ዛፍ ሥር ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሰልፉ ፊት ለፊቱ ያልፍ ነበር። ከተሸጡት መካከል ማሊክ አምባር አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ገብቶ የአሕመድናጋር ጦር መሪ ሆነ፣ ሙጋሎችን አስጨነቀ። ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ አለ፤ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው። ስማቸው የቀረልን እነዚህን የመሳሰሉ ጥቂቶች ናቸው።

ይባስ ብሎ ከዓድዋ ማግስት፣ በ1897፣ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከፋን ያዘ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ በሰንሰለት ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ያገሩ ሰው በባርነት እየተጋዘ ከፋ ተራቆተ። የመንግሥታት ማኅበር በ1923 አባል ሲያደርገን ባርነትን እንድናጠፋ ቃል አስገባን፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ጨርሶ የሻረው አዋጅ የ1942ቱ ነው። ዓድዋን ስንተርክ ቀጣዩን ዓመት የምንዘለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ጋሼ እስከዚህ ድረስ ታግሰው ሰሙና አላስቻላቸውም። ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

«ይህ ልጅ የሚነግርዎትን አይስሙት» አሏቸው። «የእኛ እንደ አሜሪካ አልነበረም። አያቴ ቤት ነበሩ፤ አብረውን በልተው፣ አብረውን አድገው፣ እንደ ቤተሰብ ነው የያዝናቸው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «የሉዊዚያና ጌቶችም» አሉ፣ «ልክ እንደዚያው ነበር የሚሉት።»