መጥኖ መደቆስ

ቤቴን ከመሬት በሚወጣ ሙቀት እንደማሞቅ ለታናሽ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ በጻፍኩለት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ በስዊድን አገርም ፍል ውሃ አገኙ እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ጥያቄው አሳቀኝ። ነገር ግን እኔም ዕቃውን ስገዛ ከርሱ የተሻለ አላውቅም ነበርና፣ የደረሰብኝን ብናገር ሌላውን ከኪሳራ ያድን ይሆናል።

ቤቴ ከኡፕሳላ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ነው። ከምድር ቤቱ የናፍጣ ማሞቂያ ነበረው፤ ይኸውም ውሃ እያሞቀ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይልካል። ስዊድኖች ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ ከናፍጣ ለመላቀቅ ብዙ ስለ ደከሙ፣ ዛሬ ብዙ ባለቤቶች የግቢያቸውን ዓለት አስቆፍረው በሙቀት ፓምፕ ይሞቃሉ። እኔም ከጎረቤት ላለማነስ ተነሣሁ።

የሙቀት ፓምፕ ማለት ሥራው የተገለበጠ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከምግቡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ወደ ማድ ቤት ያወጣል፤ ጀርባውን በእጁ የዳሰሰ ሁሉ ያውቀዋል። ይህኛው ደግሞ ከመሬት ወስዶ ወደ ቤት ያገባል። ሐሳቡን በ1852 የጻፈው፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። በኛ ሰፈር የዓለቱ ሙቀት ሰባት ዲግሪ ያህል ነው። ሰባት ዲግሪ ሰውን ያንቀጠቅጣል እንጂ አያሞቅም፤ ሆኖም አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ በቧንቧ ወደ ጉድጓዱ እየወረደ ያችኑ ሙቀት ለማሽኑ ያቀብላል። በማሽኑ ውስጥ በቅዝቃዜ እንኳ የሚፈላ ፈሳሽ አለ። ፈልቶ ጋዝ ሲሆን ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል፤ ግለቱንም ለራዲያተሩ ውሃ ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስትና አራት እጅ ሙቀት ይገኛል። እንግዲህ ነገሩ ከፍል ውሃም ሆነ ከአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ጋር አይገናኝም።

ሻጩ ሰው መጥቶ ቤቱን በዐይኑ ቃኘና፣ «ትልቅ ማሽን አይጎዳም፤ ጉድጓዱ ግን አጠር ቢል ገንዘብ ይተርፍልዎታል» አለኝ። 12 ኪሎዋት ማሽንና 120 ሜትር ጉድጓድ ተዋዋልን። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ስለ ነበር ሌላ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው ክረምት በደኅና አለፈ። በሁለተኛው ክረምት እናቴ ልትጠይቀኝ ካገር ቤት በመጣች ሰሞን፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በደረሰበት ሌሊት፣ ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ። በውስጡ ያለው መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብቻውን ቀረ፤ ቤቱም ለብ ከማለት አላለፈም። እናቴ በጋቢዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መኪና ገዝተህ ነው የሚበርድህ? ከሰል ይሻል ነበር» አለችኝ። ለሻጩ ብደውል ስልኩ አይነሣም። በወሩ መጨረሻ የመጣው የኤሌክትሪክ ሂሳብ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ አንቀጠቀጠኝ።

ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤት አለኝ። ማሽኑን ከማየቱ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «ቤትህ በዓመት ስንት ሊትር ናፍጣ ይፈጅ ነበር? በብርቱ ብርድ ቀን የራዲያተርህ ውሃ ስንት ዲግሪ መሆን አለበት?» ሁለቱንም አላውቅም። የድሮውን ደረሰኝ ፈልገን 2,500 ሊትር ሆኖ አገኘነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዟል፤ አሮጌው ማሞቂያ አምስተኛውን ያህል በጭስ ማውጫ ያባክናል ብንል ለቤቱ 20,000 ይቀራል። ለዚህ 8 ኪሎዋት ማሽን ይበቃዋል። የኔው ግን ከመጠን በላይ ትልቅ በመሆኑ ውሃውን ቶሎ አሙቆ ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ ኮምፕሬሰር የሚያልቀው በዚህ መነሣትና መጥፋት ነው። በሠራም ጊዜ ከአጭሩ ጉድጓድ ዓለቱ ከሚችለው በላይ ስለሚስብ፣ ጉድጓዱ እየቀዘቀዘ ሄዶ ማሽኑ ራሱን አቆመ።

ሻጩን መርገም ቀላል ነበር። ግን ዋጋውን እንጂ ልኩን ያልጠየቅሁ እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ማሽን ስመርጥ በደመወዜ ላይ ዕዳ ተጨምሮብኝ ነበርና አልቸኮልኩም። በመጀመሪያ ሁለት ትንንሽ ራዲያተሮች በትልልቅ ለወጥሁ፤ 60 ዲግሪ ይፈልግ የነበረው ውሃ በ45 በቃው። ውሃው አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ከኤሌክትሪኩ ከመቶ ሁለት ያህል ይተርፋል። የቧንቧውን ዝገትና ደለል አሳጠብሁ፤ ማጣሪያም አስገባሁ። ሁለተኛ ጉድጓድ ከፊተኛው 20 ሜትር ርቆ ተቆፈረ። በየሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ማንበብ ተማርሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በትልቁ የሚታተመው ውሃው 35 ዲግሪ ሲሆን የሚገኘው ውጤት ነው። ይህ ከወለል በታች ቧንቧ ለተዘረጋለት ቤት ነው። ባለ አሮጌ ራዲያተር ግን የ55 ዲግሪውን ቁጥር ይጠይቅ፤ በጣም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። በመጨረሻም፣ ቢበላሽ ማን እንደሚመጣ፣ መለዋወጫው የት እንዳለ፣ ዋስትናው ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበልሁ። የማሽኑን ስም የመረጥሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ምርጫው ቀላል ሆነ።

እናቴ በሌላ ክረምት ተመልሳ መጣች። ጋቢዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና፣ «አሁንስ ቤት ሆነ» አለች። እኔም ስለ ወጥ ትነግረኝ የነበረውን አስታወስሁ፤ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ልቅሶ አያጣፍጠውም።